ሰፊውን ትራንዚስተር በጣቶች ስለ መከፋፈል

፩. መነሻ

በክፍል ውስጥ ስለ ትራንዚስተር ስንማር መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚስለው ምልክት ጥቂት መስመሮችና ሦስት ጫፎች ያሉት ነው። ምልክቱ ርዝመትም ወርድም የለውም። ሁለት ትራንዚስተሮች እኩል ናቸው ተብሎ ከተጻፈም እኩልነታቸውን የሚጠራጠር የለም። በሲሊኮን ላይ ግን ትራንዚስተር ምልክት መሆኑ ቀርቶ መሬት ይሆናል። ወሰን አለው፤ ጎረቤት አለው፤ አንደኛው ዳሩ ከሌላው ዳሩ ይለያል፤ ባለቤቱም ቦታውን እንዴት አድርጎ እንደሚከፍለው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድን ሰፊ ትራንዚስተር «ጣት» በሚባሉ ክፍሎች መከፋፈል ሥዕሉን ለማሳመር ወይም ቦታ ለመቆጠብ ብቻ የሚደረግ ነገር ሳይሆን፣ የሰርኪቱን ፍጥነት፣ የሁካታውን መጠንና ትክክለኛነቱን የሚወስን መሆኑን ነው። ይህ ውሳኔ በሰሌዳው ምልክት ላይ ስለማይታይ ብዙዎቻችን ሳናስበው እናልፈዋለን። ሆኖም የሲሊኮኑ መቅረጫ ማስክ አንድ ጊዜ ከተሠራና ሥራው ካለቀ በኋላ የጣቶቹን ቁጥር ማረም አይቻልም።

እኛ በአሰላ የምንገኝ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ነገር ለመረዳት መልካም ዕድል አለን። ከከተማችን ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በቅርብ የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴና በብቅል ገብስ ማሳው ላይ የሚሠራበት ጥበብ፣ የሲሊኮን ፕላን አውጪዎች ከሚሠሩበት ጥበብ ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ትራንዚስተሩ ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

፪. የትራንዚስተሩ መሬት

እዚህ የምንናገርለት ትራንዚስተር ሞስፌት የሚባለው ነው። ይህንን በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ መሐመድ አታላ እና ዳዎን ካንግ ሠርተው በ1960 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁት። ዛሬ በየስልካችንና በየኮምፒዩተራችን ውስጥ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠረው ትራንዚስተር ከዚሁ የተወለደ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሲሊኮኑ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰቆች አሉ፤ አንደኛውን ምንጭ፣ ሁለተኛውን መውረጃ እንላቸዋለን። በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ በጣም ስስ የሆነ ኦክሳይድ ተነጥፎ፣ ከኦክሳይዱ በላይ በር የሚባለው የፖሊሲሊኮን ሰቅ ያርፋል። በበሩ ላይ በቂ ቮልቴጅ ሲሰጥ ከኦክሳይዱ ሥር ቦይ ይከፈትና ኤሌክትሪክ ከምንጭ ወደ መውረጃ ይሻገራል።

ጀማሪውን የሚያሳስተው የ«ርዝመት» እና የ«ወርድ» ትርጉም ነው። የወንዝ መልካን እናስብ። ርዝመት የምንለው ከዚህኛው ዳር እስከዚያኛው ዳር ያለውን የመሻገሪያ ርቀት ነው፤ ወርድ የምንለው ደግሞ ስንት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሊሻገር እንደሚችል የሚወስነውን ስፋት ነው። መልካው ሰፊ ሲሆን ብዙ ሰው ይሻገራል፤ የመሻገሪያው ርቀት ሲረዝም ግን መሻገሩ ይዘገያል። የትራንዚስተሩም ፍሰት እንደዚሁ ከወርዱ ጋራ ይጨምራል፤ ከርዝመቱ ጋራ ይቀንሳል።

ለዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የትራንዚስተሩ ወርድ 48 ማይክሮሜትር፣ ርዝመቱ 0.2 ማይክሮሜትር ይሁን። ወርዱ የርዝመቱ 240 እጥፍ ነው ማለት ነው። ርዝመቱን በወረቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር አድርገን ብንስለው ወርዱ 2.4 ሜትር ይሆንብናል። እንዲህ ያለ ክር የመሰለ ነገር በሲሊኮን ላይ ለማስቀመጥ እንደማይመች ማንም ይረዳዋል። ስለዚህ ፕላን አውጪው ወርዱን ለምሳሌ በስምንት ይከፍለውና እያንዳንዳቸው 6 ማይክሮሜትር የሆኑ ስምንት በሮችን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ በሮቹን ሁሉ በአንድ በኩል ያገናኛቸዋል፤ ምንጮቹን ከምንጮቹ፣ መውረጃዎቹን ከመውረጃዎቹ ጋራ በብረት ሽቦ ያያይዛቸዋል። ከላይ ሲታይ የተዘረጉ ጣቶችን ወይም ማበጠሪያን ይመስላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

፫. በሩ ሲረዝም ትእዛዙ ይዘገያል

ክፍፍሉ ለቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን በበሩ ውስጥ ነው። ፖሊሲሊኮን እንደ መዳብ ጥሩ አስተላላፊ አይደለም፤ ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው።

በደቦ አጨዳ 48 ሰዎች በአንድ ረጅም ረድፍ ቢቆሙና አለቃው ከአንደኛው ጫፍ ሆኖ ትእዛዙን ሰው ለሰው ቢያስተላልፍ፣ የፊተኛው አጭዶ ወደ ሁለተኛው ነዶ ሲያልፍ የኋለኛው ገና ማጭዱን አላነሣም። እነዚሁ ሰዎች ስድስት ስድስት ሆነው በስምንት ረድፍ ቢቆሙና አለቃው በስምንቱም ረድፎች ራስ ላይ በአንድ ጊዜ ቢጣራ ግን ሁሉም ባንድነት ይጀምራሉ። የሠራተኛው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በቁጥር እንየው። የፖሊሲሊኮኑ ሰቅ ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ በእያንዳንዱ ካሬ 10 ኦም አለው ብለን ለምሳሌ እንያዝ። ያልተከፈለው በር 240 ካሬ ስለ ሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2400 ኦም ይሆናል። የበሩ ካፓሲታንስ በሙሉ ርዝመቱ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ፣ በሒሳብ እንደሚረጋገጠው በሥራ ላይ የሚታየው የዚህ ሲሶ ማለትም 800 ኦም ነው። በስምንት ጣት ስንከፍለው እያንዳንዱ ጣት 30 ካሬ ወይም 300 ኦም ይሆናል፤ ስምንቱ ጎን ለጎን ስለ ተያያዙ 37.5 ኦም፣ ሲሶው ደግሞ 12.5 ኦም ይሆናል። በስምንት ብንከፍል የቀነሰው በስምንት እጥፍ ሳይሆን በ64 እጥፍ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጣት በስምንት እጥፍ አጠረ፣ ደግሞም ስምንት ጣቶች ሥራውን ተካፈሉት። በሮቹን ከሁለቱም ጫፎች ብናገናኛቸው እንደ ገና በአራት ይከፈልና ወደ 3.1 ኦም ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ምን ያደርጋል? ማንኛውም ሬዚስታንስ በሙቀቱ ምክንያት ኖይዝ የሚባለውን ሁካታ ይወልዳል። የሬዲዮ መቀበያ የመጀመሪያው ማጉያ ብዙውን ጊዜ 50 ኦም ካለው አንቴና ደካማውን ምልክት ይቀበላል። በሩ 800 ኦም ከሆነ፣ የበሩ ሁካታ ብቻውን አንቴናው ይዞት ከመጣው የሙቀት ሁካታ 16 እጥፍ ኀይል ይኖረዋል፤ ከሩቅ የመጣውም ድምፅ በገዛ መቀበያው ጫጫታ ይዋጣል። 12.5 ኦም ሲሆን ግን የሚጨመረው ሁካታ ሩቡ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ሁለቱም ማጉያዎች አንድ ዓይነት ሥዕል እንደ ነበራቸው አንባቢ ልብ ይበል።

፬. የጋራ ወሰን

ሁለተኛው ጥቅም ከወሰን የሚገኝ ነው። ሁለት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አጥር ከማጠር አንድ አጥር በጋራ ቢያጥሩ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል። ጣቶችም ጎን ለጎን ሲቆሙ በሁለት በሮች መካከል ያለው መውረጃ ለግራውም ለቀኙም በር ያገለግላል።

የእያንዳንዱ የምንጭና የመውረጃ ሰቅ ስፋት 0.5 ማይክሮሜትር ይሁን። ያልተከፈለው ትራንዚስተር መውረጃ 48 በ0.5፣ ማለትም 24 ካሬ ማይክሮሜትር ነው። ስምንት ጣት ሲሆንና ሁለቱን ዳሮች ለምንጭ ስንሰጥ አራት መውረጃዎችና አምስት ምንጮች ይኖሩናል። አራቱ መውረጃዎች እያንዳንዳቸው 6 በ0.5 ስለ ሆኑ በድምሩ 12 ካሬ ማይክሮሜትር ይሆናሉ፤ በትክክል ግማሽ። አምስቱ ምንጮች 15 ይሆናሉ። ከበር ጋራ የማይዋሰነው የመውረጃ ዳር ደግሞ ከ49 ወደ 4 ማይክሮሜትር ይወርዳል፤ የቀሩት አጫጭር ጫፎች ብቻ ናቸውና።

የመውረጃው ስፋትና ዳር ሁለቱም ካፓሲታንስ ይፈጥራሉ፤ ካፓሲታንስም በተሞላና በተራቆተ ቁጥር ጊዜና ኀይል ይበላል። የማጉያው ውጤት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በመውረጃው በኩል ስለ ሆነ፣ ልምድ ያላቸው ፕላን አውጪዎች የጣቶቹን ቁጥር ሙሉ አድርገው መውረጃዎቹን ወደ ውስጥ፣ ምንጮቹን ወደ ዳር ያደርጋሉ። ሙሉ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፤ በግማሾቹ ጣቶች ፍሰቱ ወደ ቀኝ፣ በግማሾቹ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ ማስኮቹ ሲደራረቡ ጥቂት ቢዛነፉ የአንዱ ጥፋት በሌላው ይካካሳል።

፭. ከቁሉምሳ ማሳ የሚገኝ ትምህርት

አሁን ወደ ጎረቤታችን ማሳ እንመለስ። የቁሉምሳ ማዕከል የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ታሪኩ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ ደጋ ይሠራ ከነበረው፣ ካዱ በሚል ምኅጻር ከሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ጋራ የተያያዘ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጭላሎ ተራራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ አፈሩም፣ ዝናቡም፣ ብርዱም በየርምጃው እንደሚለወጥ የአገራችን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ተመራማሪ ሁለት የስንዴ ዘሮችን ማወዳደር ፈለገ እንበል። አንደኛውን ዘር በማሳው የላይኛ አጋማሽ፣ ሁለተኛውን በታችኛው አጋማሽ ቢዘራ፣ በመኸር የሚያገኘው ልዩነት ከዘሩ ይሁን ከአፈሩ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ማሳውን በትንንሽ መደቦች ይከፍልና ሁለቱን ዘሮች እያቀላቀለ በየብሎኩ ይዘራቸዋል። ይህን ሥርዓት በሒሳብ መሠረት ላይ ያቆመው ሮናልድ ፊሸር ሲሆን፣ ሥራውን የሠራው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮዛምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነበር።

ሲሊኮንም እንደ ጭላሎ ተዳፋት ነው። የኦክሳይዱ ውፍረት፣ የተጨመረው ባዕድ ንጥረ ነገር መጠን፣ ከጎረቤት ሰርኪት የሚመጣው ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ሁለት ትራንዚስተሮች «ሀ» እና «ለ» ፍጹም እኩል እንዲሆኑ በምንፈልግበት ሰርኪት፣ ለምሳሌ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ልዩነት በሚያጎላ ማጉያ ውስጥ፣ ይህ ተዳፋት ጠላት ነው።

እያንዳንዳቸውን በሁለት ጣት ከፍለን አራቱን በተራ እናቁማቸው፤ የመክፈቻ ቮልቴጃቸውም ከአንዱ ቦታ ወደ ሚቀጥለው 1 ሚሊቮልት ይጨምራል እንበል። በ«ሀ ሀ ለ ለ» ረድፍ የሀ አማካይ ቦታ 1.5፣ የለ 3.5 ስለ ሆነ ልዩነቱ 2 ሚሊቮልት ነው። በ«ሀ ለ ሀ ለ» ረድፍ 2 እና 3 ስለ ሆነ 1 ሚሊቮልት ይሆናል። በ«ሀ ለ ለ ሀ» ረድፍ ግን የሁለቱም አማካይ 2.5 ስለ ሆነ ልዩነቱ ይጠፋል። ተዳፋቱ አልተነካም፤ እኛ ግን ሁለቱን እኩል አካፈልናቸው። የእርሻው ተመራማሪ መደቦቹን በዕጣ ሲመድብ የሲሊኮኑ ፕላን አውጪ ግን ሆን ብሎ በሚዛን ያቆማቸዋል፤ ዓላማቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። በ«ሀ ለ ለ ሀ» ረድፍ ሁለቱ የለ ጣቶች አንድ መውረጃ በመካከል ሲጋሩ፣ የሀ ጣቶች ግን በግራና በቀኝ ዳር ሁለት የተለያዩ መውረጃዎች ይይዛሉ። የሀ ካፓሲታንስ ስለዚህ ይበልጣል። ፍጥነት በሚፈለግበት ሥራ ከሥሩ «ለ ሀ ሀ ለ» የሚል ሁለተኛ ረድፍ ጨምሮ ሚዛኑን መመለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የማሳ ትምህርት ስለ ዳር ነው። በመደቡ ዳር ያለው የስንዴ ረድፍ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ከመካከለኞቹ ይልቅ ይፋፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የዳር ረድፎችን ይዘራሉ እንጂ ምርታቸውን ከቁጥር አያስገቡም። በሲሊኮንም በዳር ያለው በር በአንድ በኩል ጎረቤት ስለሌለው ሲቀረጽ ስፋቱ ከሌሎቹ ጥቂት ይለያል። መድኃኒቱም ያው ነው፤ በሁለቱም ጫፎች ሥራ የማይሠሩ፣ ዘወትር የተዘጉ በሮች ይቆማሉ፤ እውነተኞቹ ጣቶችም ሁሉ የመካከል ጣቶች ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ መከፋፈል የማይፈውሰው በሽታ አለ። ከቦታ ጋራ የማይያያዝ፣ እንዲያው በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት የሚቀንሰው ጠቅላላው የበሩ ስፋት ሲጨምር ብቻ ነው። ማርሴል ፔልግሮም እና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ይህ ልዩነት ከስፋቱ ስኩዌር ሩት ጋራ በተቃራኒው ይሄዳል። ስፋቱን አራት እጥፍ ያደረገ ልዩነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ ያንኑ ስፋት በብዙ ጣት መቆራረጥ ግን አይረዳውም።

፮. ጣት ሲበዛ

ምናልባት አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ በ48 ጣት ለምን አንከፍለውም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በየጣቱ ጫፍ ላይ ነው። በቀረጻው ጊዜ እያንዳንዱ ጣት ከወርዱ ለምሳሌ 0.05 ማይክሮሜትር ቢያጣ፣ ስምንት ጣቶች በድምሩ 0.4 ያጣሉ፤ ይህም ከመቶ አንድ አይሞላም። አርባ ስምንት ጣቶች ግን 2.4 ያጣሉ፤ ይህም ከመቶ አምስት ነው። ከዚህም ሌላ ጣቶቹን የሚያያይዘው ሽቦ ይበዛል፤ ሽቦም ራሱ ካፓሲታንስ አለው፤ ስለዚህ በአንድ በኩል የተቆጠበው በሌላ በኩል ይባክናል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ሕግ ይወጣል። ፍሰትን አራት እጥፍ አድርጎ የሚገለብጥ ሰርኪት ስንሠራ 6 ማይክሮሜትር ከሆነው ጣት ጎን 24 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ ጣት ብናቆም፣ ሁለቱም 0.05 ስለሚያጡ ውጤቱ 23.95 ለ5.95፣ ማለትም 4.025 እጥፍ ይሆናል። አራት ባለ 6 ጣቶች ብናቆም ግን ጉድለቱ በሁሉም ላይ እኩል ስለሚወድቅ ውጤቱ ልክ አራት ነው። እህል የሚሰፍር ሰው ቁናው ጥቂት ቢጎድል እንኳ በዚያው ቁና አራት ጊዜ ከሰፈረ አራት እጥፍነቱ አይዛባም፤ ሁለተኛ ትልቅ መስፈሪያ ካመጣ ግን ሚዛኑ ይጠፋል።

ደግሞም ጣቶች ሁልጊዜ ሸክሙን እኩል አይካፈሉም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን የሚሠራው ሃምሳው ሰው ሁሉ እጁን ከዘረጋ ነው። ከሞስፌት በፊት በነበሩት ባይፖላር የኀይል ትራንዚስተሮች ፍሰቱ ወደ ኤሚተሩ ዳር ስለሚያደላ፣ ዳሩን ለማብዛት ኤሚተሩን በማበጠሪያ ቅርጽ መሥራት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለመደ ሆነ። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ አንዱ ጣት ከሌሎቹ ጥቂት ቢሞቅ ብዙ ፍሰት ይስባል፤ ብዙ ስለሳበም ይብሱን ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ይህን ለመከላከል በየጣቱ ላይ ትንሽ ሬዚስተር ይታከላል፤ ብዙ ለመሸከም የሚሽቀዳደመውንም ጣት እርሱ ይገታዋል።

እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል እናስጠንቅቅ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢንቴልን ተከትሎ በሰፊው የታወቀው ፊንፌት የሚባለው ትራንዚስተር «ፊን» የሚባሉ ቀጥ ብለው የቆሙ የሲሊኮን ክንፎች አሉት። ፊን የቦዩ ክፍል ነው፤ ጣት ግን የበሩ ክፍል ነው። በዚህ ዓይነት ትራንዚስተር ወርዱ በፊኖች ቁጥር ስለሚቆጠር የጣትና የፊን ክፍፍል አብረው ይታሰባሉ።

፯. ማጠቃለያ

እስካሁን ከተባለው እንደሚታየው የጣቶችን ቁጥር የሚወስን አንድ ቋሚ ቀመር የለም። ሁካታ ለሚያስቸግረው ጣቶች አጫጭርና ብዙ ይሁኑ፤ ፍጥነት ለሚፈልግ ቁጥራቸው ሙሉ ሆኖ መውረጃዎቹ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ እኩልነት ለሚፈልግ ጣቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው በሚዛን ይቁሙ፤ ዳሮቹም ይጠበቁ። ሠሪው በቅድሚያ ለራሱ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ስንት ጣት?» የሚለው ሳይሆን «የሚያስቸግረኝ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

በተለይ ለጓደኞቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። በኮምፒዩተር ሰርኪት ስትሞክሩ «ወርድ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በአንዳንዱ የመሥሪያ ሰነድ የጠቅላላው ትራንዚስተር ወርድ ነው፤ በሌላው የአንዱ ጣት ወርድ ነው። ይህን ሳያጣራ ስምንት ጣት የጻፈ ሰው ያሰበውን ስምንት እጥፍ ወይም ስምንተኛውን ያገኛል፤ ኮምፒዩተሩም ስሕተት ነው አይለውም። የሰነዱን የመጀመሪያ ገጾች አንብቦ መጀመር ከብዙ ድካም ያድናል።

ሲሊኮን የሚቀርጽ ፋብሪካ በአገራችን የለም። ፕላኑን ለማውጣት ግን ፋብሪካ አያስፈልግም። በ2020 እ.ኤ.አ. ስካይዎተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከጉግል ጋራ ሆኖ የ130 ናኖሜትር ሥራውን የመሥሪያ ሰነድ ለማንም በነጻ ከፍቶታል። ማጂክ የተባለው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የፕላን መሣያ፣ እንዲሁም ኤንጂስፓይስ የተባለው የሰርኪት መሞከሪያ በነጻ ይገኛሉ፤ በመካከለኛ ኮምፒዩተርም ይሠራሉ። ስለዚህ በአሰላ የተቀመጠ ተማሪ ያንኑ ባለ 48 ማይክሮሜትር ትራንዚስተር በአንድ፣ በስምንትና በአርባ ስምንት ጣት ስሎ፣ ከፕላኑ የሚወጣውን ሬዚስታንስና ካፓሲታንስ በገዛ ዓይኑ ማወዳደር ይችላል። እኛ የተጠቀምንባቸው ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ እውነተኞቹ ቁጥሮች በሰነዱ ውስጥ ተጽፈዋል።

ሙከራውን የሠራ ጓደኛ ውጤቱን በዚሁ መጽሔት ቢያካፍለን ደስ ይለናል። መምህራኖቻችንም ሆኑ ጓደኞቻችን በጽሑፋችን ስሕተት ያገኙብን እንደ ሆነ እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።